በእጄ የጻፍኩት ዕርቅ

የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። አሶሳ ዙሪያ ባሉት የሰፈራ መንደሮች ይህን የማያውቅ የለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነን መጥተን እዚህ አምባ ስምንት ስንራገፍ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ተፈልጎ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ የሆንኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደርግ ሄደ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ እስክሪብቶው ግን እጄ ላይ ቀረ። መሬት ሲካፈሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ «አያ ታረቀኝን ጥሩት» ይባላል። አስታርቄ ስጨርስ የዕርቁን ወረቀት የምጽፈውም እኔው ነኝ። ይህን ሁሉ የማወራው ልኩራራ ብዬ አይደለም። የእህቴን ልጅ ወህኒ ያወረደው ይኸው የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ነው።

ልጁ ሰራዊት ይባላል። የታናሽ እህቴ የአገኘሁሽ አንድዬ ነው። አባቱ የሞተው ገና በአራት ዓመቱ ስለሆነ ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብል ማንም አይከለክለኝም። አሁን ሃያ ስድስት ሞልቶታል። አሶሳ ከተማ፣ አቶ ሙሉጌታ ጋራዥ ገብቶ ጎማ ከመፍታት ተነስቶ ዋና መካኒክ ሆነ። ሙሉጌታ ደግሞ የአምባችን ሰው ነው፤ የዕድራችን ዳኛ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሲሠራ የጣሪያውን ቆርቆሮ ብቻውን የቻለ ሰው። ሲያልፍ እንነሳለታለን። እኔም እነሳ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። አቶ ዳበሳ የሚባሉ የባምባሲ ነጋዴ ፒክአፓቸውን ፍሪሲዮን እንዲቀየርላት ለጋራዡ ሰጡ። መኪና ተሠርቶ ሲያልቅ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት መንገድ ላይ ይሞከራል፤ ፕሮቫ ይሉታል። ሌላው ጋራዥ ከተማዋን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። የሙሉጌታ ቤት ልማድ ግን ሌላ ነው። የደንበኛ መኪና ለፕሮቫ ሲወጣ የጋራዡን ጉዳይም አብሮ ይዞ ይወጣል። በሰው መኪና፣ በሰው ነዳጅ ዕቃ ይደርሳል፣ ዕቃ ይመጣል። ይህንን ጋራዡ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለመኪናው ብቻ ነው የማያውቀው።

የዚያን ቀን መንጌ መንገድ ላይ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ነበር። ሙሉጌታ ለሰራዊት ዲናሞ አስይዞ «በዳበሳ መኪና ፕሮቫ እያደረግህ አድርሰህ ና» አለው። ልጁ ሄደ፣ ዲናሞውን ገጠመ፣ ሲመለስ ከመንጌ ወዲህ ካለው ጅረት ላይ የነዳጅ ፓምፑ እምቢ አለ። ዝናብ ነው፣ ኔትወርክ የለም። ዓብዱልላጢፍ የሚባሉ የበርታ ገበሬ አገኙትና ቤታቸው አሳደሩት። ጠዋት ፓምፑን ፈትቶ አጽድቶ ወደ አሶሳ ሲነዳ ፖሊስ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀበለው።

ለምን ፖሊስ? አቶ ዳበሳ በዚያ ዕለት ባለቤታቸውን ከሆስፒታል ሊወስዱ ነበር። ሴትዮዋ ከወጡበት ሰዓት ጀምረው በሆስፒታሉ በር ላይ፣ ዝናብ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቁ ዋሉ። ሰውየው በአሥራ አንድ ሰዓት ጋራዥ ሲደርሱ መኪናቸው የለችም። ጮኹ። ሙሉጌታም ጥፋት ወደ እሱ ሲመጣ የሚያደርገውን አደረገ። «እኔ አላዘዝኩትም። ቁልፉን ከምስማሩ አንስቶ ወጣ» አለ። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት ክስ የሆነችው። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ዶሮ እንኳ ያላባረረ ልጅ፣ መኪና በመስረቅ ተከሰሰ።

ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ከጣቢያ አውጥቼ ቤቴ ወስጄ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀምጬ «በል እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

«ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው የላኩኝ፤ አያ። ዲናሞውን በእጃቸው ነው የሰጡኝ።»

አመንኩት። ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ፤ አመንኩት። ልጁ ሲዋሽ የግራ ጆሮውን ይነካል፤ ያን ቀን እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» እያልኩ ስንቱን ያስታረቅሁ ሰው ነኝ። ሥሩ ደግሞ ፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ሥሩ ሙሉጌታ ነው። ግን የዕድሩን ዳኛ «ዋሽተሃል» ብሎ ማን ይነሳል? ነገ ስሞት ድንኳኑን የሚያስተክለው እሱ ነው። እና ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ የተቆጡት ዳበሳ ናቸው፤ የእሳቸው ልብ ከበረደ ክሱ በምን እግሩ ይቆማል? ባለጉዳዩ ከታረቀ ዳኛው ምን አግብቶት!

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

«ዳበሳን ይቅርታ ትጠይቃለህ» አልኩት።

«ምን አጥፍቼ?»

«ድንጋይ ትሸከምና አጥፍቻለሁ ትላለህ፤ ያበቃል።»

«አልሰረቅሁማ! ያልሰረቅሁትን ድንጋይ የምሸከመው ለምንድን ነው?»

«ድንጋይ የተሸከመ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ያለህ ማነው?» ተቆጣሁት። «ለታላቅ ነው። ሰውየው ሚስታቸው ዝናብ ላይ ዋሉ፤ ተዋረዱ። ክብራቸውን ትመልስላቸዋለህ። አባትህ ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚያዝህ።»

በሞተ አባቱ መጣሁበት። ሌላ መንገድ ስላጣሁ አይደለም፤ ይህኛው ስለቀለለኝ ነው። ከሁለቱ አንገት ቀጭኑን መረጥኩ።

እሑድ ዕለት ባምባሲ ወረድን። ሦስት ሽማግሌዎች ነበርን፤ እኔ፣ በአቶ ዳበሳ በኩል አቶ ጅረኛ የሚባሉ አዛውንት፣ ሦስተኛው ማን ይመስላችኋል? ሙሉጌታ። «ልጄ ነው፤ እኔ ካልቆምኩለት ማን ይቆምለታል» ብሎ በራሱ መኪና ጭኖ ወሰደን። ሰራዊት ከኋላ ተቀመጠ።

ልጁ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ከደጃፉ ተንበረከከ። ድምፁ እየተቆራረጠ «አጥፍቻለሁ አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አቶ ዳበሳ ቆጣ ብለው ቢጀምሩም መጨረስ አቃታቸው። ተነስተው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት፣ ግንባሩን ሳሙት፣ እንባቸው መጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገላኔም ወጥተው «እኔ ድኛለሁ፤ አንተም ተወው ልጄ» አሉት። ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠርጎ «ወጣትነት ነው፤ ይማረው» አለ። ያን ጊዜ ሰራዊት ቀና ብሎ አየው። እኔ ደግሞ ያን እንዳላይ ወረቀቴን ማውጣት ጀመርኩ።

ጻፍኩ። የዕርቅ ወረቀት የራሱ አካሄድ አለው፤ በዳይ በደሉን አምኖ፣ ተበዳይ ይቅር ብሎ፣ ሽማግሌ ፈርሞ። ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት እንዲህ ነው። «ሰራዊት የአቶ ዳበሳን መኪና ያለ ማንም ፈቃድ ወስዶ ማሳደሩን አምኖ፣ በፈጸመው ድርጊት ተጸጽቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቋል።» «ያለ ማንም ፈቃድ» የምትለዋ ላይ እስክሪብቶዬ ቆም አለች። ሙሉጌታ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ ነበር። ቀጠልኩ። ከዚያ ፈረምን፤ ሰራዊትም ሳያነበው ፈረመ። እኔን አምኖ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ አድርጌ፣ አቶ ዳበሳን አስከትዬ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ገባሁ። «ታርቀናል ጌታዬ፤ ክሱ ይነሳልን» አልኩ። ሰውየው አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ ስርቆት ባለጉዳይ ስለታረቀ የሚነሳ ክስ እንዳልሆነ ነገረን። ወረቀቱን ግን አልመለሰልንም። «መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል» አለ።

አቶ ዳበሳ ደረጃው ላይ «ኦቦ ታረቀኝ፣ ምን ማለቱ ነው?» አሉኝ። እኔም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሔለን ስታስረዳኝ ነው።

ሔለን መንግሥት ለሰራዊት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ናት። ገና ልጅ ናት፣ ግን ቃል አታባክንም። የክሱን አባሪ ዘርግታ «ይህን ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

«አባቴ፣ ዐቃቤ ሕጉ እኮ በእጁ የነበረው የአንድ ሰው ቃል ነው፤ የአቶ ሙሉጌታ። በአንድ ባለጥቅም ቃል ልጁን ማስፈረድ ይከብደው ነበር። እርስዎ የተከሳሹን የራሱን የእምነት ቃል፣ ከነፊርማው፣ ከሦስት ምስክር ጋር ወስደው ሰጡት።»

«ይቅርታ እኮ ነው የጠየቀው!»

«ወረቀቱ ያለ ፈቃድ መውሰዱን አምኗል ነው የሚለው። እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«ያለው አጥፍቻለሁ ብቻ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ይችን ማን ጨመራት?»

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። ቀጥላ፣ ዐቃቤ ሕጉ ምስክር አድርጎ እንደቆጠረኝ፣ መጥሪያ እንደሚደርሰኝ፣ በተራዋ ስትጠይቀኝ እውነቱን እንድናገር ነገረችኝ። «እርስዎ የሚያውቁትን ካወጡት ልጁ ይተርፋል» ነው ያለችኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ የለም።

ቀኑ ደረሰ። ሰራዊት ቆሞ «ድርጊቱን አልፈጸምኩም፤ ጥፋተኛ አይደለሁም» አለ። መጀመሪያ ሙሉጌታ ገባ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ «አላዘዝኩትም» አለ። አቶ ዳበሳ ደግሞ «ታርቄዋለሁ፤ ልጄ ነው፤ ፍቱልኝ» እያሉ ዳኛውን ለመኑ። ዳኛው የሚጠየቁትን ብቻ እንዲመልሱ አሳሰቧቸው።

ሦስተኛው እኔ ነኝ። ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አሳየኝ።

«የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«አዎ።»

«ተከሳሹ አጥፍቻለሁ ሲል ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ፤ ግን ጌታዬ፣ በእኛ አገር እንዲህ ሲባል...»

«ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

ሔለን ተነሳች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «አቶ ታረቀኝ፣ ከዕርቁ በፊት ተከሳሹ መኪናዋን ይዞ እንዲሄድ ያዘዘው ማን እንደሆነ ነግሮዎት ነበር?»

ይህ ነው ጥያቄው። አዎ ብል፣ ታዲያ እያወቅህ ለምን ሌላ ጻፍክ ልባል ነው። ሐሰተኛ ወረቀት የጻፈ ሽማግሌ። ከኋላዬ አምባው በሙሉ ተቀምጧል፤ ሙሉጌታ ቃሉን ሰጥቶ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ፣ እጁን አጣምሮ ያየኛል። እህቴ አገኘሁሽ ከበሩ አጠገብ ናት። ሰራዊት ግን ወደ እኔ አላየም፤ እንደምናገርለት እርግጠኛ ነበር መሰለኝ።

«ብዙ ነገር ተነጋግረናል» አልኩ። «ዕድሜም አለ፤ ሁሉን አላስታውስም።»

ሔለን ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ አላስታውስም አልኩ። ያኔ ነው ሰራዊት ያየኝ። በጥላቻ ቢሆን እችለው ነበር። ያየኝ ግን የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነው።

ፍርድ ቤቱ «ተከላከል» ብሎ በየነ። ዲናሞ የተገጠመለት የጭነት መኪና ሹፌር ተፈልጎ ስላልተገኘ፣ ለመከላከያ የቆሙለት ዓብዱልላጢፍ ብቻ ነበሩ። ከመንጌ ድረስ በራሳቸው ወጪ መጡ። አስተርጓሚ ቢሰጣቸውም አልፈለጉም፤ በቻሉት አማርኛ ራሳቸው ተናገሩ።

«ወላሂ፣ እኔ ይሄ ልጅ አያውቅም ነበር። ዝናብ ነው፣ መኪና ተበላሸ፣ እኔ ቤት አደረ። ማታ ምግብ እምቢ አለ። ባለቤት ይቆጣል፣ ጋሼ ይቆጣል፣ ይላል። ሌባ ሰው እንዲህ ይላል? ሌባ ከሆነ ኩርሙክ ይሄዳል፤ ድንበር ነው፣ ቅርብ ነው። ይሄ ጠዋት ተነሳ፣ አሶሳ ሄደ። ሌባ ወደ ባለቤት ይሄዳል?»

ከዚህ የተሻለ ክርክር ዩኒቨርሲቲ የገባም አያመጣም። ዐቃቤ ሕጉ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፤ ጋራዥ ውስጥ ማን ምን እንዳዘዘ ሰምተዋል? «እኔ ጋራዥ አልነበርኩም» አሉ። እውነት ተናገሩና ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ አጎቱ ነህ? አላህ ያበርታ» አሉኝ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

ፍርዱ በሳምንቱ ተነበበ። ዳኛው ብዙ አነበቡ፤ እኔ የሰማሁት የራሴን ዐረፍተ ነገር ነው። «ያለ ማንም ፈቃድ ወስዶ ማሳደሩን አምኖ።» አንድ ፊደል አልጎደለም። ጥፋተኛ ተባለ።

ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ሔለን ለእኔም ለአገኘሁሽም ኮሪደሩ ላይ አስረድታን ነበር። የመጀመሪያ ክሱ ነው፣ ሪከርድ የለበትም፣ መኪናዋ ሳትነካ ተመልሳለች፣ ባለንብረቱ ታርቋል። ልጁ ተነስቶ መጸጸቱን ከተናገረ ቅጣቱ በገደብ ሊታለፍለትና ዛሬውኑ ቤቱ ሊገባ ይችላል። እህቴ ይህን ስትሰማ የሔለንን እጅ ሳመች። ወደ እኔ ዞራም «ወንድምዓለም፣ አንተን ይሰማል፤ ምከርልኝ» አለችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እያወቅሁ አላስታውስም እንዳልኩ አታውቅም ነበር።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ተከሳሽ፣ ቅጣቱን በተመለከተ የምትለው አለ?» አሉ።

ሰራዊት ተነሳ። «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ለሰላም ብለህ አጥፍቻለሁ በል ተባልኩና አልኩ። በዚያው ተፈረደብኝ። አሁን ከደገምኩት እውነት ይሆናል። አልሰረቅሁም፤ የምጸጸትበት የለኝም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሔለን ክንዱን ነካችው፤ ራሱን ነቀነቀ። አገኘሁሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ደግሞ፣ ዕድሜ ልኬን የለመደብኝ ነዋ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «በል እንጂ ልጄ! አጥፍቻለሁ በልና ግባ!» ብዬ ጮኽኩ።

ፖሊሱ ትከሻዬን ያዘኝ። ሰራዊት ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«አያ፣ እስቲ አንቱ ይበሉት።»

ዳኛውም መዶሻቸውን አንስተው ሳይመቱ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እንደ ሽማግሌ ቆጥረውኝ፣ የምጨምረው ካለ ሊሰሙኝ የፈለጉ መሰለኝ። እምላለሁ፣ ያን ጊዜ በር ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ነበረች የምትበቃው። ሙሉጌታ አንገቱን ሰበረ፤ እሱ እንኳ እናገራለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። ከንፈሬ ተላቀቀ፣ አየር ገባ፣ ወጣ። ተቀመጥኩ።

አንድ ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት። በገደብ ሳይሆን በእስር።

አገኘሁሽ በየእሑዱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከበሩ «አልፈልግም ብሏል» ተብዬ ተመለስኩ። እህቴ አሁን ሁሉን ታውቃለች፤ ነግሯታል። አልሰደበችኝም። ቤቷ ስሄድ ወንበር አቅርባ «ይቀመጡ» ትለኛለች። በአንድ ማሕፀን አድረን፣ በአንድ ካሚዮን ተጭነን የመጣን እህቴ፣ ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ አንቱ ማለት ጀመረች።

ሙሉጌታ አሁንም የዕድሩ ዳኛ ነው፤ ሲያልፍ ሰዉ ይነሳለታል። ሰውም አሁንም ይጠራኛል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ወሰዱኝ፤ ታናሽየውን ጠርቼ ከዛፍ ሥር አስቀመጥኩት። «ወንድምህ ታላቅህ ነው፤ አጥፍቻለሁ በልና ይለቅ» ልል አፌን ስከፍት ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ስንቱን ሰው አሰኝቻታለሁ፤ ስንቱን አንገት አስደፍቼባታለሁ። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን ብያት አላውቅም፤ ለእህቴም፣ ለልጁም አላልኳትም።